ከቀለበቱ ሥር

መወልወል አይደለም መጀመሪያው፤ ማየት ነው።
የመጥራህ ፀሐይ ከወደቡ ውኃ ነጥራ
በመስኮት ሰያፍ ስትገባ
ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርጄ
ባሮጌ አንሶላ ላይ አጋደምኩት፣ እንደ ታማሚ።

ቢቢ ዙወይና ከመከዳዋ ሆና ታየኛለች።
«ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እዚሁ ተሰቅሎ ነበር።
ምን ነበር ቀለሙ? ረሳሁት» አለች፣
«የኔን ፀጉር ግን አልረሳሁም።»

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤
ቀን ማረሻ የሚያሠራው ሰው፣ ሲመሽ ቡዳ ይለዋል።
ውጅግራ ሲያመጡለት ግን
ከመንካቱ በፊት እጁን ወደኋላ ያጣምር ነበር።
እንዲህም ይለኝ ነበር፦

«ከብረት ጋር ያለ፣ አብሮት የነበረ፣
ዝገት ከቆፈረው፣ ባዶ ነው የቀረ፤
ኋላ የቀቡት ግን፣ ሳይጠይቅ በደሉን
ጉድጓዱም ውስጥ ገብቶ፣ ያለብሳል ቁስሉን።
ፊደሉን ዳስሺው፤ ጥፍርሽን ከነከሰ
እመኚው፤ ካዳለጠሽ፣ ሞረድ ነው የላሰ።»

ፊደሉ ነከሰኝ።
ብሎኑን ፈታሁ። የፊተኛው ቀለበት እምቢ አለ፤
ዘይት ጠብ አድርጌ አሳደርኩት።
በማግስቱ ተንሸራተተ፣
ከሥሩም
የጣት ስፋት ያህል፣ ዙሪያውን፣
ጎህ ሳይቀድ ያለ ሰማይ።
ጥቁር ነው እንዳልል ሰማያዊ፣ ሰማያዊ ነው እንዳልል ጥቁር፤
የባሕሩ ጨው እንኳ ያላገኘው።

ቢቢን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ አየች፣ ረጅም ጊዜ።
ከዚያ የራሷን ቀለበት አዟዟረች፣
ሳብ አደረገችው፤ አልወጣም።
«እኔም ዘይት ሳልፈልግ አልቀርም» ብላ ሳቀች።

ልጇ ዛህራን ግን ለሠርግ ይፈልገዋል፤
ወንዶቹ ጠመንጃ ወደ ላይ እየወረወሩ
እየቀለቡ ለሚጨፍሩበት፤
«እንደ መስተዋት ይሁን።»
ሐሙስ ማታ፣ እኔ ሩዝ ስለቅም፣
ድስት በምፈትግበት ሽቦ
ቀኝ ጎኑን ከአፈሙዙ ጀምሮ ነጭ አደረገው።
ቃታው ጋ ሊደርስ ሲል ደረስኩ።
ምን ልበል? እኔ ሠራተኛ፣ እሱ የቤቱ ልጅ።
«ሽቦውን ስጠኝ፣ ድስቱ እየጠበቀኝ ነው» አልኩት።
ሰጠኝ።

የሄደ ቀለም አይመለስም።
በጠርሙስ የሚሸጥ አለ፣ ባንድ ሰዓት የሚያጠቁር፤
ልግዛልሽ ወይ አለች ቢቢ።
ተይው አልኳት። ነጩ ነጭ ይቅር።
ቀዩን ዝገት በናስ ሳንቲም ጠርዝ ፋቅሁ፣
ቡናማውን ተውኩት፤
ቀዩ ይበላል፣ ቡናማው ጠግቦ ይጠብቃል።
በላምባ የራሰ ጥጥ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ስስ ሰም።
አባቴ ቅኔ ቤት ደጃፍ አልደረሰም፣ ማንስ አስገብቶት፤
ግን ሰሙ ከላይ እንደሚሆን፣ ለምን እንደሚሆንም፣ ያውቅ ነበር።

ሰም ሲነካው በሠርጉ የነጩ ጎን ሰም ለቀቀ፤
በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር በቀለበት፤
ቀይ፣ ሞላላ፣ መስመር በመስመር፦
የዛህራን አውራ ጣት።
ላቡ ብረቱ ላይ ፈርሟል።

የኔን ፈለግሁ።
ስንት ጊዜ በባዶ እጄ ይዤዋለሁ። የለም።

አምና መታወቂያ ሳሳድስ
ፖሊሱ «ድገሚ» አለኝ፤ «ጥረጊና ድገሚ።»
ማሽኑ ጣቴን አላነብ አለ።
ዘጠኝ ዓመት በረኪና።
አሥሩንም ሞከረ፤ በመጨረሻ
በግራ ትንሿ ጣቴ ጎን፣
ውኃ ብዙ በማይደርስባት ጥግ፣
ጥቂት መስመር አገኘ።
«ይቺ አለች» አለ፣ ለራሱ።

ጠመንጃውን መልሼ ሰቀልኩት፣ ነጩን ወደ ግድግዳው።
ቢቢ አየችኝ።
«አዙሪው» አለች። «ሳምንት ይሄኛውን፣ ሳምንት ያኛውን ልየው።»

ዓርብ ዓርብ አዞረዋለሁ።
ጓንት ገዝታልኝ ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ እንደታሸገ።
እኔን ብረቱ አይጽፈኝም።